ሰርቨሩ ሲጮህ አትንኩት፦ የሞተ ዲስክ ቀይሮ ሬይድን መልሶ መገንባት

ባለፈው ግንቦት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ያ ሰዓት ድሬ ላይ ሰው የሚደዋወልበት ሰዓት አይደለም። ግማሹ ከተማ ጥላ ስር ነው፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ከስልኩ ጀርባ ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ ይሰማኛል።

«አቦ፣ ይሄ ሳጥን ከጠዋት ጀምሮ እየጮኸ ጆሮዬን በላው። ልንቀለውና ልረፍ?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ እንዳይነኩት። እየመጣሁ ነው።»

በባጃጅ ደረስኩ። ሳጥኑ ባለ አራት ዲስክ ናስ ነው። ናስ ስል ብረቱን አይደለም፣ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የዲስክ ሳጥን ማለቴ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ የናስ ዕቃ የምጠግን ይመስላታል። ውስጡ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ አለ፣ በሬይድ 5 የታሰረ። ፊቱ ላይ ያለችው መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ሶስተኛው ዲስክ ሞቷል። የስንት ሰው ሰርግ እዚያ ውስጥ ነው፣ ቪዲዮአቸውን ገና ያልተረከቡ ሙሽሮች ጭምር።

ያን ቀንና ሌሊት ያደረግነውን ከነምክንያቱ እጽፍላችኋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። እስካሁን ካየሁት የጠፋ ዳታ አብዛኛውን ያጠፋው ዲስኩ ከሞተ በኋላ የገባ እጅ ነው። የኔም እጅ አለበት፣ ወደ ታች ስንወርድ እናዘዛለሁ።

ዲስክ ሞቶ ፋይሉ ለምን ይከፈታል?

ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ማሠራት ነው። ስሙን ያወጡለት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የሚባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ርካሽ ዲስኮችን አንድ ላይ ማሰር ከአንድ ውድ ዲስክ እንደሚሻል አሳዩ።

ሬይድ 5ን በሱቅ ሒሳብ እንየው። ሶስት ሻጮች አሉ እንበል፣ እያንዳንዱ የቀኑን ሽያጭ በየደብተሩ ይጽፋል። አንዱ 700፣ አንዱ 400፣ አንዱ 900 ብር። አራተኛ ደብተር ላይ ድምሩ ይጻፋል፣ 2000። የባለ 400ው ደብተር ቢጠፋ ከ2000 ላይ 700ንና 900ን ትቀንሳላችሁ። 400ው ተመለሰ። ሁለት ደብተር ከጠፋ ግን አለቀ፣ ማንም ሒሳብ አዋቂ አያወጣውም። ዲስኩ ላይ የሚሠራው ስሌት መደመር ሳይሆን ኤክስኦር የሚባለው ነው። ድምሩም፣ ፓሪቲ ይሉታል፣ በአራቱም ዲስኮች ላይ እየተዘዋወረ ይጻፋል። ነገሩ ግን ይሄው ነው።

ስለዚህ አንድ ዲስክ ሲሞት ሳጥኑ የጎደለውን እያሰላ ሥራውን ይቀጥላል። ስክሪኑ ላይ «ዲግሬድድ» ይላል። ሠራተኛው ፋይል ይከፍታል፣ ትንሽ ዘገየ ብሎ ያማርራል፣ ሌላ የሚታወቀው ነገር የለም። አደገኛው ነገር ይሄ ነው። ሁሉም ነገር እየሠራ ስለሆነ ሰው ሁለት ሳምንት ይተወዋል፣ ሁለተኛው ዲስክ እስኪሞት።

የናንተ ሬይድ 1 ከሆነ ሁለቱ ዲስኮች ግልባጭ ናቸው፣ ሥራው ይቀልላል። ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ እስኪሞት ይችላል። ሬይድ 0 ከሆነ ይሄ ጽሑፍ አይጠቅማችሁም፣ አንዱ ከሞተ ሁሉም ሞቷል። ስክሪኑ «ዲግሬድድ» ሳይሆን «ክራሽድ» የሚል ከሆነም ከታች «ሁለተኛው ዲስክ ከወደቀ» ወደሚለው ዝለሉ።

ጩኸቱን አጥፉ፣ ሳጥኑን አታጥፉ

ጩኸት ሰውን ያስቸኩላል። መጀመሪያ እሱን ዝም አስብሉት። ሲኖሎጂ በሚባለው የናስ ምርት ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ የሃርድዌርና ፓወር ገጽ ላይ፣ «ቢፕ ኦፍ» የሚል ቁልፍ አለ። ሌሎቹም ተመሳሳይ አላቸው።

ሪስታርት አታድርጉ። «አጥፍተህ አብራው» ለራውተር ይሠራል። እዚህ ግን ለዓመታት ሳያቋርጡ ሲሽከረከሩ የኖሩ ሶስት ዲስኮች አሉ። ያረጀ ዲስክ ከቆመ በኋላ አልነሳም ማለት ይወዳል። እየዞረ ያለውን ይዙር ተዉት።

ሠራተኞቹ አዲስ ነገር ወደ ሳጥኑ መጫን ያቁሙ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ 200 ጊጋ የቅዳሜ ሰርግ እየገለበጠ ነበር። አስቆምነው፣ አኮረፈ፣ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ።

ጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። የሞተው ዲስክ ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንዳለ፣ ሞዴሉን፣ መጠኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲሪያል ቁጥሩን ጻፉ። የሶስቱንም ደህና ዲስኮች ሲሪያል ጻፉ። የሬይዱን ዓይነት ጻፉ። ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጥቅሙ ዲስኩን የምትነቅሉበት ሰዓት ላይ ይገባችኋል።

በእርግጥ ሞቷል? የቀሩትስ?

እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱ የጤና ካርድ አለው። በስቶሬጅ ማናጀር ውስጥ ዲስኩን ስትመርጡ ይወጣል። መስመሩ ብዙ ነው፣ እኔ የማየው አራቱን ነው።

ቁጥር 5 ዲስኩ ተበላሽቶብኛል ብሎ በመጠባበቂያ የተካውን ሴክተር፣ ማለትም ትንሿን የዲስክ ቁራሽ፣ ይቆጥራል። ቁጥር 197 ማንበብ አቅቶት የተጠራጠረውን ይቆጥራል። ቁጥር 198 ጭራሽ ያልተነበበውን። እነዚህ ዜሮ ካልሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እየሄደ ነው። ቁጥር 199 ግን የኬብል ጉዳይ ነው። ሶስቱ ዜሮ ሆነው 199 ብቻውን ከፍ ካለ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ኬብሉን ወይም መሰኪያውን እዩ። በተለይ በኮምፒውተር ቀፎ ውስጥ በተሠራ ሰርቨር፣ የድሬ አቧራ ስንት ደህና ዲስክ አስገድሏል።

የኛው ሶስተኛ ዲስክ ጭራሽ አልታይም ብሏል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይደጋግማል። ጭንቅላቱ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይሄ ሞት ነው።

አሁን የቀሩትን ሶስቱን መርምሩ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ መዘለል የሌለበት ደግሞ ይሄ ነው። አራቱ ዲስኮች በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ሙቀት የኖሩ ናቸው። አንዱ ሲሞት የሌሎቹም ዕድሜ ያው ነው። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ያወጣው ጽሑፍ አለ። በፍተሻ ላይ የመጀመሪያ ስህተቱን ያሳየ ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ከሌለው በ39 እጥፍ ይበልጣል ይላል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንደኛውና አራተኛው ንጹህ ነበሩ። ሁለተኛው 197 ላይ 8 ይላል። ባለቤቱን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምነው?» አሉ።

«ዛሬ ዲስክ አንቀይርም ጋሼ። መጀመሪያ እንገልብጥ።»

ከመጠገን በፊት መገልበጥ

ሪቢልድ ማለት አዲሱን ዲስክ ለመሙላት የቀሩትን ሶስት ዲስኮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ነው። በኛ ሳጥን 12 ቴራባይት ማለት ነው። ለዓመታት ማንም ያልከፈተው የ2009 ሰርግ የተቀመጠበት ጥግ ሁሉ ይነበባል። የተደበቀ ቁስል ካለ የሚወጣው ያኔ ነው፣ መከላከያ በሌለበት ሰዓት። የዚህ ደረጃ ዲስክ ፋብሪካዎች በየ100 ትሪሊዮን ቢቱ ከአንድ በላይ ያልተነበበ ሴክተር አይኖርም ብለው ይጽፋሉ። ያ 12.5 ቴራባይት ነው። በተግባር አብዛኛው ዲስክ ከዚህ የተሻለ ነው፣ ግን የኛ ንባብና የፋብሪካው ገደብ ምን ያህል እንደተቀራረቡ እዩት።

ስለዚህ አዲሱን ዲስክ ከመሰካታችሁ በፊት ዋና ዋናውን ወደ ውጭ ገልብጡ። ከመሰካታችሁ በፊት ያልኩት አውቄ ነው። ኪውናፕ የሚባለው የናስ ምርትና ብዙዎቹ የሬይድ ካርዶች ዲስኩ እንደገባ ሳይጠይቁ ሪቢልድ ይጀምራሉ።

ሁሉንም ለመገልበጥ ቦታ ላይኖራችሁ ይችላል። ቅደም ተከተል አውጡ። እኛ ያላስረከብናቸውን ሰርጎች በመጀመሪያ፣ ያለቀላቸውን ቪዲዮዎች በሁለተኛ፣ ጥሬውን በመጨረሻ አደረግን። የሒሳብ ሰነዱን ረስተነው ነበር፣ ጸሐፊዋ ናት ያስታወሰችን። በዩኤስቢ 3 ኤክስተርናል ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ብታገኙ አንድ ቴራ ወደ ሶስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ፋይል ላይ ከተንጠለጠለ ዝለሉትና ቀጥሉ፣ አትታገሉት። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ገልብጠን በማግስቱ ቀትር ላይ ጨረስን።

ዲስኩን መግዛት

መጠኑ ከሞተው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። በጥቂቱ እንኳ ቢያንስ ሳጥኑ ላይቀበለው ይችላል። ባለ 4 ቴራ ጠፍቶ ባለ 6 ቢገኝ ግዙት፣ ትርፉ ይቀመጣል እንጂ ችግር የለውም።

ዓይነቱ ላይ ተጠንቀቁ። ኤስኤምአር የሚባል አጻጻፍ ያለው ዲስክ ለሬይድ አይሆንም። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ መስመሮቹ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበዋል። የታችኛውን ቆርቆሮ ለመቀየር የላይኛውን ማንሳት አለባችሁ። ለተራ ማከማቻ ይበቃል። ሪቢልድ ላይ ግን ይንቀራፈፋል፣ ቀናት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ሳጥኑ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. «ለናስ» ተብለው የተሸጡ አንዳንድ ዲስኮች ሳይነገር ኤስኤምአር ሆነው ተገኝተው ብዙ ጫጫታ ተነስቶ ነበር። ስለዚህ ማሸጊያውን አትመኑ፣ ሞዴል ቁጥሩን የፋብሪካው ዝርዝር ላይ ፈልጋችሁ ሲኤምአር፣ መስመሮቹ ያልተደራረቡት ዓይነት፣ መሆኑን አረጋግጡ። የዴስክቶፕ ዲስክም አልመክርም። አንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ረጅም ጊዜ ሲታገል ሳጥኑ ትዕግስቱ አልቆ ያባርረዋል።

አዲስ ነው ያሏችሁ ሁሉ አዲስ አይደለም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ ዲስክ ገዛሁ። ስሰካው ስማርት ቁጥር 9፣ የሠራበት ሰዓት፣ ከ31 ሺህ በላይ ይላል። ሶስት ዓመት ተኩል ሌት ተቀን የሠራ ዲስክ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ፋብሪካው ሲፈትነው ነው» አለኝ። አሁን ዲስክ ስገዛ ላፕቶፕና የዩኤስቢ ማገናኛ ይዤ እሄዳለሁ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሬ በፊት ቁጥር 9ን አያለሁ። ይሄ ቁጥር ሊሰረዝ ስለሚችል ሲሪያሉንም የፋብሪካው የዋስትና ገጽ ላይ አስገባለሁ።

ዲስኩን ስታመጡት ባጃጅ ላይ ከኋላ አትጣሉት። ጭናችሁ ላይ ያዙት። ቤት ስትደርሱ ጊዜ ካላችሁ ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ረጅሙን የስማርት ፈተና አሠሩት። ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የፋብሪካ እንከን ያለበት ዲስክ ብዙ ጊዜ እዚያው ይያዛል።

መብራትና ሙቀት

መብራት እንደሚሄድ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ሪቢልድ መሃል ላይ ቢቋረጥ አብዛኛው ዘመናዊ ሳጥን ሲበራ ይቀጥላል። ግን እየጻፈ ሳለ ድንገት ከጠፋ ዳታውና ፓሪቲው ላይጣጣሙ ይችላሉ። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን የጎደለና ያልጸዳ ሬይድ ሲነሳ አላስነሳም ብሎ ሊቆም ይችላል፣ ለደህንነቱ ሲል። ያን ስክሪን ሌሊት ማየት አትፈልጉም።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ የግድ ነው። ባለ አራት ዲስክ ሳጥን የሚበላው 40 ዋት ገደማ ስለሆነ ትንሹም ዩፒኤስ በደንብ ያቆየዋል፣ ዴስክቶፑንና ሞኒተሩን እዚያው ማከፋፈያ ላይ ካልደረደራችሁበት። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ወደ ሳጥኑ ሰኩት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳጥኑ ራሱ ተረጋግቶ ይዘጋል። ባትሪው በሕይወት እንዳለም አስቀድማችሁ ሞክሩ፣ ግን በዚህ ሳጥን ላይ አይደለም። አምፖል ሰክታችሁ ሞክሩት።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ያ የጉግል ጥናት ሙቀት ዲስክን የሚጎዳው ሰው እንደሚያስበው ያህል እንዳልሆነ፣ የሚብሰው በጣም ሲግልና ዲስኩ ሲያረጅ እንደሆነ ጽፏል። እሺ። የኛ ዲስኮች ግን ያረጁ ናቸው፣ ወሩም ግንቦት ነው፣ ከተማውም ድሬዳዋ። ብዙ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ይፈቀድላቸዋል። እኔ 50 ሲያልፉ እረበሻለሁ። ሐረር ብንሆን መስኮት መክፈት ይበቃን ነበር። እዚህ ሪቢልድ የምጀምረው ማታ ነው። ሳጥኑን ከቁምሳጥን ውስጥ አውጡት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ ቬንትሌተር አዙሩበት። ቬንትሌተሩን ግን ያው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ ንዝረቱ ለዲስክ ጥሩ አይደለም።

መንቀል

ኑዛዜዬ እዚህ ነው። ከዓመታት በፊት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ፣ የአንድ ማተሚያ ቤት ሰርቨር ልጠግን ሄድኩ። ስክሪኑ «ዲስክ 2 ሞቷል» ይላል። ከግራ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ፣ ሁለተኛውን ሳብኩ። ሙሉ ቢሮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ያ ሰርቨር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነበር። ዲስክ 2 ማለት ሶስተኛው ነው። በሞተ ዲስክ ላይ ደህናውን ነቅዬ ሁለት አድርጌዋለሁ። የመለሰልኝ እድሌ ነው፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ማተሚያ ቤቱ ሁለት ቀን ቆመ፣ እኔም ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በቁጥር አልነቅልም። በሲሪያል ነው። ወረቀቱን አውጡ። ብዙ ሳጥን የሞተውን ዲስክ መብራት በሌላ ቀለም ያሳያል፣ ያንንም አስተያዩ። ሶስት ነገር መስማማት አለበት፦ የስክሪኑ ቁጥር፣ የመብራቱ ቀለም፣ ወጥቶ ዲስኩ ጀርባ ላይ የምታነቡት ሲሪያል። ሦስተኛው ሊታይ የሚችለው ከተሳበ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሥራ ማቆም የሚችል ከሆነ በምናሌው በኩል ዝጉት፣ ያኔ ተሳስታችሁ ብትስቡም መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። ሪስታርት አታድርጉ ያልኩት መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ግልባጩ በእጃችን ስላለ እኔ መዝጋቱን እመርጣለሁ። ሳይዘጋ የምትቀይሩ ከሆነ ዲስኩን በትንሹ ሳብ አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ዙሩ ይቁም፣ ከዚያ አውጡት።

እጃችሁን ቀፎው ብረት ላይ አሳርፉ፣ ስታቲክ ካለ ይውረድ። የድሬ ደረቅ አየርና የናይለን ምንጣፍ አይስማሙም። ካቻቪቴ ከተጠቀማችሁ ብሎኑን እስኪጮህ አታጥብቁት። የሞተው ዲስክ ላይ በማርከር «የሞተ» ብላችሁ ከቀኑ ጋር ጻፉ። አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ጎበዝ መሳቢያ ውስጥ አግኝቶ ይሰካዋል።

ሪፔር

ሲኖሎጂ ላይ ስቶሬጅ ማናጀር ውስጥ የተጎዳውን ስቶሬጅ ፑል ምረጡ፣ «ሪፔር» በሉት፣ አዲሱን ዲስክ ምረጡ። «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ዳታ ሁሉ ይጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የሚናገረው ስለ አዲሱ ዲስክ ነው። ቢሆንም አቁማችሁ አንብቡ፣ የተጠቀሰው አዲሱ ብቻ መሆኑን እዩ። «ክሪኤት»፣ «ኢኒሺያላይዝ»፣ «ፎርማት» የሚሉ ቃላት በምንም ዓይነት መንገድ ከመጡ እጃችሁን አንሱ። መንገድ ስታችኋል።

ሊኑክስ ላይ በኤምዲአድም ለምትሠሩ ሒደቱ አጭር ነው። የሞተውን በ«ፌይል» ምልክት አድርጉበት፣ በ«ሪሙቭ» አውጡት፣ አዲሱን እንደ ሌሎቹ ከፋፍላችሁ በ«አድ» አስገቡት። ኤምዲስታትን ስታዩ ደህናው ዲስክ «ዩ»፣ የጎደለው ሰረዝ ሆኖ ይታያል። እዚህም «ክሪኤት» ክልክል ነው። በድንጋጤ ክሪኤት ብሎ የዲስኮቹን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው ያለቀሰውን አይቻለሁ።

ጥበቃ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ቴራ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሞላ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ግን መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ወደ ዲስኩ ውስጠኛ ክበብ ሲጠጋ ይዘገያል። ሰው እየሠራበት ከሆነ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀመርን፣ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አለቀ።

ሌሊቱን በየሰዓቱ ሁለት ነገር አይ ነበር፣ የዲስኮቹን ሙቀትና የሁለተኛውን ዲስክ ቁጥር 197። ሙቀቱ ከ43 ተነስቶ 49 ደረሰ። 197 ከ8 ወደ 16 ዘለለ። ያኔ ያለ ግልባጭ ብንሆን ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ባለቤቱ ፍራሽ አምጥተው አጠገቤ ጋደም አሉ። «ስንት ደረሰ?» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «62» እላለሁ። «አይሮጥም እንዴ?» መቶኛው ቆመ ብላችሁ አትደናገጡ፣ ፍጥነቱ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ እየሄደ ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ከወደቀ

አቁሙ። ደግማችሁ አትሞክሩ፣ ሪፔርን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ሳጥኑን በምናሌው ዝጉና ዲስኮቹን ከነቅደም ተከተላቸው ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ የታመመውን ዲስክ ዲዲሬስኪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ አዲስ ዲስክ ገልብጡ። መጀመሪያ ደህናውን ቦታ ሁሉ ያነባል፣ እንቢ ያለውን ቆይቶ ይመለስበታል። ብዙ ጊዜ ከ4 ቴራው የማይነበበው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ይሆናል። ግልባጩን በታመመው ቦታ ተክታችሁ ሬይዱን ማስነሳት ይቻላል። ይሄን አድርጋችሁ የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ቀጭ ቀጭ የሚለውን ዲስክ ግን ማንም አይክፈተው፣ ማንም ፍሪዘር ውስጥ አያስገባው።

ካለቀ በኋላ

«ሄልዚ» ሲል ሥራው አላለቀም። ዳታ ስክራቢንግ የሚባለውን አሠሩ፣ ዳታውና ፓሪቲው መስማማታቸውን ያያል። በወር አንዴ እንዲሠራ ቀጠሮ አስይዙለት። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዲስክ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። እሱንም በሳምንቱ በዚሁ መንገድ ቀየርነው። ሳጥኑ ችግር ሲኖር ስልካችሁ ላይ እንዲልክ አድርጉት፣ ጩኸቱን የሚሰማው ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው።

የሞተውን ዲስክ ቆሻሻ ላይ አትጣሉ። ዋስትና ካለው መልሱት፣ ከሌለው በመሰርሰሪያ ዳታው ያለበትን ውስጠኛውን ሳህን ብሱት። የሰው ሰርግ ነው ያለበት።

ግልባጩን ደግሞ ከቤት አውጡት። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲወርድ የወሰደውን ድሬ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ያን ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁለት ግልባጭ አንድ ግልባጭ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት እህታቸው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ትኖራለች። አሁን ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች አሉ፣ በየወሩ አንዱ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ባለፈው ወር የወረደውን እኔ ነኝ የሰካሁት። ዝም ብዬ አንድ ፎልደር መርጬ መሃሉ ላይ ያለውን ፋይል ከፈትኩ። ሙሽራው ኬክ ሊያጎርሳት እጁን ዘርግቷል፣ ሙሽሪት አፍንጫዋ ላይ ክሬም አለ። ድምፁም አለ። ዲስኩን ነቅዬ ፎጣው ውስጥ መለስኩት።